እጅ የቻለውን ወረቀት ሲከለክል

ይህን የውይይት ክር፣ ማለትም አንዱ ጽፎ ሌሎች በጽሑፍ የሚመልሱበትን ውይይት፣ የከፈትሁት እኔ ነኝ። ብየዳ አሠለጥናለሁ። ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ወጣት ሠልጣኝ ነው። ብረት ሲበይድ ያዩት ጓደኞቹ የራሳቸውን ሥራ አቁመው ይመለከቱት ነበር። የኤሌክትሮዱን ዘንበል አያዛንፍም፤ በጫፉና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ከመነሻ እስከ መድረሻ እኩል ይጠብቃል፤ እጁ አይቸኩልም፣ አይዘገይምም። በጽሑፍ ምዘናው ግን ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ለሦስተኛው አልመጣም። ወረቀቱ ላይ የተጠየቀው ሁሉ እጁ በየቀኑ የሚሠራው ነገር ነበር።

ስለዚህ በመክፈቻ ጽሑፌ አንድ አቋም ያዝሁ፦ የመማር ችግር ያለባቸውን ሰዎች ከሙያ የሚያስቀራቸው ሙያው ሳይሆን እኛ የምናስተምርበትና የምንመዝንበት መንገድ ነው። ቀጥዬም ሌሎች አሠልጣኞች ምን ቀይረው ምን እንዳገኙ ጠየቅሁ። መልሶቹ 23 ደረሱ። አንዳንዶቹ አበረቱኝ፣ አንዳንዶቹ አረሙኝ፣ ሁለት ሦስቱ አስቆጡኝ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ ማውጣት ተገቢ ስላልመሰለኝ ሐሳባቸውን በራሴ አነጋገር እነግራለሁ።

መልስ 1 የመጣው ከአንድ የቧንቧ ሥራ አሠልጣኝ ነው። በትሕትና ተስማሙ። እሳቸውም ተመሳሳይ ሠልጣኝ ገጥሟቸው ጥያቄዎቹን ጮክ ብለው ሲያነቡለት ያለ ማመንታት እንደመለሰ፣ እንዲያውም አንዱን ጥያቄ ስሕተት እንዳለበት እንደነገራቸው ጻፉ። የአንድ ሰው ታሪክ ግን ለሁሉ መለኪያ እንደማይሆን አሳሰቡ።

መልስ 2 ሳይረዝም አረመኝ። ጸሐፊዋ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርት ናቸው። የመማር ችግር በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ የተለያዩ ነገሮችን እንደጨመርሁ አሳዩኝ። ዲስሌክሲያ ንባብንና የፊደል አጻጻፍን ይይዛል፤ ዲስካልኩሊያ ቁጥርን፤ ዲስፕራክሲያ የእንቅስቃሴ ቅንጅትን። እነዚህ በሰውየው አጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ላይ የሚፈርዱ አይደሉም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ደግሞ ሰፋ ያለ ነው፤ አዲስ ነገር የመረዳትን፣ የማመዛዘንን፣ የዕለት ኑሮን የመምራትን አቅም ይነካል። ዲስሌክሲያ የሚለውን ስም ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ እንደሆነ፣ በ1896 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን ብሩህ ሆኖ ሳለ ማንበብ ስላልቻለ የ14 ዓመት ልጅ እንደጻፈ አስታወሱ። ከዚያ በኋላ ይህን ያህል ዘመን አልፎ አሁንም ማንበብ ያቃተውን ሁሉ ማሰብ እንዳቃተው መቁጠራችን እንደሚያሳዝናቸው ገለጹ።

እርማታቸው በሥራ ላይ ትርጉም አለው። ፈተናውን ማንበብ ለመጀመሪያው ዓይነት ሠልጣኝ በሩን ሊከፍትለት ይችላል። ለሁለተኛው ግን ያው ረጅም ጥያቄ በጆሮ ስለገባ ቀላል አይሆንም፤ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ማጠር አለበት፤ ምናልባትም ጥያቄው ቀርቶ ሥራውን ሠርቶ ማሳየት አለበት። ይህን ለይቼ አለመጻፌ ስሕተት ነበር፤ እዚያው ተቀብያለሁ።

መልስ 3 ምስጋና ብቻ ነበር። መልስ 4 ግን ውይይቱን አጋለው። ጸሐፊው የጥገና ክፍል ኃላፊ ናቸው። ወርክሾፕ የበጎ አድራጎት ቦታ አይደለም የሚል አቋም አላቸው። በኬሚካል በርሜል ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ ያልቻለ፣ በኤሌክትሪክ ሳጥን ላይ የተጻፈውን ቁጥር የሚያምታታ ሰው ራሱንም አጠገቡ ያለውንም ሊገድል ይችላል አሉ። ለሠልጣኝ በማዘን ምዘናን ማላላት በሌላ ሰው ሕይወት መቆመር እንደሆነም ጨመሩ። ሲያነቡት ያማል፤ ነገር ግን አንድ ሰው በሥራ ላይ ሲጎዳ አይቶ የሚናገር ድምፅ ስለነበረው ልንቀው አልቻልሁም።

መልስ 5 በረጋ መንፈስ መለሱላቸው። ማንም መስፈርት ይውረድ አላለም፤ ሥራው በእውነት የሚጠይቀውንና ሥልጠናው በላዩ የጨመረበትን መለየት ይገባል አሉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦ ከመንካቱ በፊት ኃይል መቋረጡን በመለኪያ ማረጋገጥ አለበት፤ ይህ ለማንም አይላላም። በያጅ የጋዝ ሲሊንደሮቹን ማምታታት የለበትም፤ ይህም አይላላም። የብየዳን ትርጉም በሦስት መስመር ጻፍ የሚለውን ጥያቄ ግን የትኛውም ቀጣሪ በየትኛውም የሥራ ቀን አይጠይቅም። ስለዚህ መዛኙ በየጥያቄው ትይዩ ይህ የሚያስፈልገው በየትኛው ሥራ ላይ እንደሆነ እንዲጽፍ፣ መልስ ያላገኘለትን ጥያቄ እንዲያወጣ ሐሳብ አቀረቡ። ለደኅንነት የግድ የሚያስፈልጉት የማስጠንቀቂያ ቃላትና ምልክቶችም በቁጥር የተወሰኑ ስለሆኑ ለብቻቸው ተለይተው፣ ከዕቃው ጋር፣ በተደጋጋሚ ሊጠኑ ይችላሉ። መጽሐፍ ማንበብ ያቃተው ሰው የአደጋ ምልክት መለየት አይችልም ማለት እንዳልሆነ አስረዱ። እኔ በመክፈቻው ላይ ልለው ፈልጌ በቅጡ ያላልሁት ይህንን ነበር።

መልስ 6 ከሁለቱም ወገን ሳይሆን የዲስሌክሲያ ምርመራ የት እንደሚደረግ ጠየቀ። መልስ ሳያገኝ ታለፈ፤ ይህ አሁንም ይቆጨኛል።

መልስ 7ን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው በዕድሜ የገፉ አሠልጣኝ ይመስላሉ። ስለ ማርክ ጎልድ ነገሩን። ይህ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመካከለኛና በከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት የተፈረጁና ምንም ሊማሩ አይችሉም የተባሉ ሰዎችን የብስክሌት ፍሬን መገጣጠም አስተማረ፤ በመጀመሪያ 15 ክፍል ያለውን፣ ቀጥሎ 24 ክፍል ያለውን። በቃል ብዙ አላብራራላቸውም። ሥራውን በትንንሽ እርምጃዎች ከፋፍሎ፣ ክፍሎቹን በሚገጠሙበት ቅደም ተከተል ደርድሮ፣ ለአንዳንዶቹም ትክክለኛውን ፊት የሚጠቁም ቀለም ቀብቶ ነበር የሰጣቸው። እነሱም ተማሩ። የጎልድ መርሕ ሠልጣኙ ሳይማር ሲቀር ጉድለቱ የእሱ ሳይሆን የአስተማሪው ነው፤ ስለዚህ አስተማሪው ሌላ መንገድ ይሞክር የሚል ነው።

እኚሁ ጸሐፊ ራሳቸው እንዴት እንደሚሠሩበትም ዘረዘሩ። አንድ ሶኬት መግጠምን ሲያስተምሩ አብዛኛውን ሥራ ራሳቸው ጨርሰው የመጨረሻውን ብሎን ብቻ ለሠልጣኙ ይተዉለታል። ካቻቪቴውን ይይዛል፣ ያጠብቃል፣ ሶኬቱ ያልቃል። በሚቀጥለው ዙር የመጨረሻዎቹን ሁለት እርምጃዎች፣ ከዚያ ሦስቱን ይሰጡታል። እንዲህ እያሉ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ሠልጣኙ በየዙሩ ያለቀ ሥራ በእጁ ያያል፤ መሐል ላይ ተሰናክሎ ያልተጠናቀቀ ነገር ጥሎ አይወጣም። ብዙ ጊዜ ወድቆ የመጣ ሰው ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ሥራ ጨርሶ ማየት እንደሆነ ሲጽፉ፣ እኔ ያን ወጣት እያሰብሁ ነበር።

መልስ 8 ከአንድ አናጢ መጣ። ሜትር ላይ ያሉ ቁጥሮች የሚምታቱበት ረዳት ነበረው። 68 ተብሎ 86 ይቆርጣል፤ እንጨት ይባክናል፤ ረዳቱም ራሱን ይጠላል። አናጢው ቁጥሩን ተወው። አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ወስዶ የመደርደሪያውን ቁመት፣ የየእርከኑን ቦታ፣ የማጠፊያዎቹን መግጠሚያ በእርሳስ ምልክት አደረገበት። ረዳቱ ዘንጉን እንጨቱ ላይ አጋድሞ ምልክቶቹን ያስተላልፋል፣ ይቆርጣል። አንድም ቁጥር አይነበብም፤ ስሕተቱም ቆመ። አናጢው ይህ ለችግረኛ ተብሎ የተፈጠረ ዘዴ ሳይሆን አንድ ዓይነት ዕቃ ደጋግመው የሚሠሩ የቆዩ አናጢዎች በሙሉ የሚያውቁት እንደሆነ አስገነዘበ፤ እሱ ራሱም ከዚያ ወዲህ ሜትር መዘርጋት ቀንሷል። ከመልስ 5 ጋር አገናኝቼ ሳየው ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ሥራው የሚፈልገው ትክክለኛ ርዝመት ነው፤ ቁጥሩ ርዝመቱን መሸከሚያ ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ትንሽ አቅጣጫ ሳተ። መልስ 9 በግራ እጃቸው ስለሚሠሩ ሰዎች አነሣ፤ መልስ 10 መቀሶች ሁሉ ለቀኝ እጅ እንደሚሠሩ አማረረ። ላስቆማቸው ስል መልስ 11 ከዚያው ወሬ ጠቃሚ ነገር አወጣ። አንዲት የልብስ ስፌት አሠልጣኝ፣ ቀኝና ግራ የሚምታታባትን ሠልጣኝ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ሲያሳዩ ሁሉም ነገር ለልጅቷ ተገልብጦ ይታያት እንደነበር ዘግይተው እንደተረዱ ጻፉ። ወንበራቸውን አዙረው ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሁለቱም እጆች ወደ አንድ አቅጣጫ ሆኑ። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። እኔ ለዓመታት ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ ሳሳይ ኖሬአለሁ።

መልስ 12 እና 13 ላይ ንግግሩ ሻከረ። የመልስ 12 ጸሐፊ እነዚህ ሠልጣኞች በዓይንና በእጅ የሚማሩ ዓይነት ሰዎች ስለሆኑ ንድፈ ሐሳብ ጨርሶ መቅረት አለበት አሉ። መልስ 13 ይህን ያለ ርኅራኄ አፈረሰው። ሰው በዓይን ተማሪና በጆሮ ተማሪ ተብሎ ይከፈላል፣ በየዓይነቱ ሲማርም ውጤቱ ይሻላል የሚለው እምነት እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ ባወጡት የጥናቶች ግምገማ በቂ ማስረጃ እንዳላገኘ አስታወሰ። ከዚያም አልፎ፣ የመማር ችግር ያለበትን ሰው ንድፈ ሐሳብ መከልከል ለዘላለም ረዳት ሆኖ እንዲቀር መፍረድ ነው ሲል መልስ 12ን በድንቁርና ከሰሰ። መልስ 14 ስለ አነጋገሩ ገሠጸው፤ ስለ ይዘቱ ግን ምንም አላለም። እኔ በይዘቱ ከመልስ 13 ጋር ነኝ። ብረት ሲግል ለምን እንደሚጣመም ያልገባው በያጅ፣ ቅርጹ ሲለወጥበት መላ አያገኝም። ንድፈ ሐሳቡ ይሰጥ፤ ነገር ግን ብረቱ ሲጣመም እያየ፣ በአጭር ቃል፣ በትክክለኛው ሰዓት ይሰጥ።

መልስ 15 ሲመጣ ሁላችንም ዝም ማለት የነበረብን ይመስለኛል። ጸሐፊው ዲስሌክሲያ ያለበት የቶርኖ ሠራተኛ ነው። እስከዚያ ድረስ 14 ሰዎች ስለ እሱ ዓይነት ሰው ሲነጋገሩ አንዳቸውም እሱን ዓይነት ሰው ለመጠየቅ እንዳላሰቡ አመለከተ። ትምህርት ላይ ሳለ ቅጽ ሲታደል መነጽሬን ረሳሁ እያለ፣ ከባዱን ሸክም ቀድሞ እያነሣ፣ ከወረቀት ይሸሽ እንደነበር ተናገረ። ሰነፍ ይመስል ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ግን ከማንም በላይ የሚደክመው እሱ ነበር፤ ምክንያቱም መሥራት ብቻ ሳይሆን መደበቅም ነበረበት። ለመልስ 4 ጸሐፊም መልስ ነበረው። አደገኛው ሠራተኛ ማንበብ የማይችለው ሳይሆን ማንበብ አለመቻሉን የሚደብቀው ነው፤ የሚደብቀውም የሚቀጣበት ቦታ ስለሆነ ነው። ቢናገር የማያፍርበት ወርክሾፕ ውስጥ ይህ ምን ይላል ብሎ ይጠይቃል።

ወደ እኔና ወደ መልስ 1ም ዞረ። ፈተናውን አንድ አሠልጣኝ አንብቦለት ያውቃል፤ ሃያ ሰዎች በተቀመጡበት ክፍል፣ ከፊት ለፊቱ ቆሞ። ጥያቄውን ያውቀው ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም ዞረው ሲያዩት አፉ ተያዘ። ከዚያ ቀን በኋላ እርዳታ ጠይቆ አያውቅም። የሚያስፈልገው ትንሽ እንደነበር ጻፈ። የትምህርቱ ጽሑፍ አንድ ቀን ቀድሞ ቢሰጠው፣ ማብራሪያውን እንዲቀዳ ቢፈቀድለት፣ ጊዜ ቢጨመርለት፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ለብቻው ተጠርቶ ምን እንደሚረዳው ቢጠየቅ ይበቃው ነበር። የጎልድን መርሕ ወዶታል፤ ነገር ግን አስተማሪው ሌላ መንገድ ከመሞከሩ በፊት ሠልጣኙን ይጠይቅ አለ።

መልስ 16 የአንዲት እናት ነው። ልጃቸው የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት። የእሳቸው ቅሬታ በሥልጠናው በር ላይ ሳይሆን በመውጫው ላይ ነው። ልጃቸው ለሥራ ዝግጅት በሚል ለዓመታት የልብስ ቁልፎችን በመጠን ስትለይ ቆየች፤ ዝግጅቱ ራሱ መድረሻ ሆነ። መጀመሪያ ይዘጋጁ፣ ከዚያ ይቀጠሩ የሚለው ሐሳብ ለብዙዎቹ መቼም የማያልቅ ወረፋ እንደሆነ ጻፉ። ሥልጠና ክፍል ውስጥ የተማረችውንም ሌላ ቦታ ስትሄድ፣ ጠረጴዛውና ዕቃው ሲለወጥባት፣ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፤ እውነተኛ ሥራ ላይ ትግባ፣ ሥራውን እዚያው የሚያለማምዳት ሰው አብሯት ይቁም፣ ስትለምድ ቀስ በቀስ ይራቅ አሉ። መልስ 17 ይህን በምሳሌ ደገፈው። ፕሮጀክት ሰርች የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል የተጀመረው እንዲህ ያለ ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ሥራ ላይ በማሰማራት ነው።

የመልስ 4 ጸሐፊ በመልስ 18 ተመለሱ። ስለ መልስ 15 ዝም ብለው አላለፉም፤ የሚደብቅ ሠራተኛ እሳቸውም እንደገጠማቸው፣ ያን ሰው እንዲደብቅ ያደረገው የእሳቸው ቁጣ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በፊት እንዳላሰቡት ጻፉ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይዘው መጡ። አንድ አሠልጣኝ ሠላሳ ሠልጣኝ ይዞ ለአንዱ ብቻ ጊዜ ከየት ያመጣል?

በመልስ 19 የመለስሁት እኔ ነኝ። ለእያንዳንዱ የተለየ ትምህርት ማዘጋጀት እንደማይቻል አምናለሁ። ለሁሉም የሚሆን አንድ የተሻለ ትምህርት ማዘጋጀት ግን ይቻላል። ከመልስ 7 በኋላ የማዕዘን ብየዳን በፎቶግራፍ ካርዶች ከፋፍዬ ነበር፤ በአንድ ካርድ አንድ እርምጃ፣ ከሥሩ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር። ለሁለት ሠልጣኞች ብዬ የሠራኋቸውን ካርዶች ክፍሉ በሙሉ ይሻማባቸው ጀመር። ምክንያቱ አይደንቅም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኔልሰን ኮዋን እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳየው ማንኛውም ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው አዲስ ነገር ወደ አራት ገደማ ነው፤ እኔ ደግሞ አሥራ አንድ እርምጃ በአንድ ትንፋሽ ስነግራቸው ኖሬአለሁ። ጎበዞቹ ከሌላው ቀድተው ያመልጡ ነበር፤ ያልቻሉት ደካማ ተባሉ። ካርዶቹ ከመጡ ወዲህ ያንኑ ማብራሪያ የምደግምበት ጊዜ ቀንሷል፤ ያን ጊዜ አጠገባቸው መቆም ላለብኝ ሰዎች አውለዋለሁ።

መልስ 20 ቆጣ ብሎ ይህ ሁሉ እንደ ደግነት መነገሩን ተቃወመ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጸድቅ አንቀጽ 24 የሙያ ሥልጠናን ያለ አድልዎ ማግኘትንና ለዚያ የሚያስፈልገውን ተመጣጣኝ ማመቻቸት (ለሰውየው ሁኔታ የሚስማማ ማስተካከያ) እንደ መብት አስቀምጧል፤ የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 159 ደግሞ ከ1983 ጀምሮ አለ። መብት የሚለመን አይደለም ሲል ጻፈ። ልክ ነው። ይሁን እንጂ የስምምነቱን አንቀጽ ለአንድ ደክሞት ለዋለ አሠልጣኝ ብታነብበት ነገ ጠዋት ምን ያድርግ? ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንቀጹም፣ የአናጢው ዘንግም።

መልስ 21 ለዲስሌክሲያ ተብሎ የተሠራ የፊደል ቅርጽ እንድንጠቀም መከረ። መልስ 22 እንዲህ ያሉ ቅርጾች ንባብን እንደሚያሻሽሉ አሳማኝ ማስረጃ እንደሌለ ጠቅሶ፣ በፊደላት መካከል ክፍተት ማስፋት ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ ተናጋሪ በሆኑ ልጆች ላይ ተሞክሮ እንደረዳ ተናገረ። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስልክም ከሁለቱም እንደሚቀልል አከለ፤ በዚሁ አለፍነው።

መልስ 23 የዚያች እናት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ በመክፈቻው የተነገረለት ያ ወጣት የት ደረሰ?

አላውቅም ነበር። ይህን ያህል ጽፌ፣ ይህን ያህል ተከራክሬ፣ እሱን ፈልጌው አላውቅም። በማግሥቱ አብረውት የሠለጠኑትን ጠይቄ አገኘሁት። የብየዳ ሥራ ላይ ነው፤ የሚበይደው እሱ ነው፤ ክፍያው ግን የረዳት ነው፤ የምስክር ወረቀት የያዘው ሌላ ሰው ስለሆነ። መዛኞቹ የጽሑፉን ክፍል በቃል ለመጠየቅ እንደተስማሙ ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት እያየ ቆየና፣ ጥያቄው ሲነበብለት ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። እሱና መዛኙ ብቻ እንደሚሆኑ ነገርሁት። እመጣለሁ አላለኝም። ቀኑን ግን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።